አረንጓዴ ቀለምና የቀዳም ሥዑር ቄጤማ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። ለትንሣኤ የገዛሁት ነጠላ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። አንዷ ጎረቤቴ «ይህ የሙስሊሞች ቀለም ነው፤ ለብሰሽው ቤተ ክርስቲያን አትሂጂ» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ አረንጓዴ ተስፋ ነው ትላለች። የቱን ልቀበል? በቀዳም ሥዑር፣ በትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ፣ በግንባራችን የምናስረውን ቄጤማስ ከበዓሉ በኋላ ምን ላድርገው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ነጠላሽን ያለ ስጋት ልበሺው። ሙስሊም ወገኖቻችን ለአረንጓዴ ክብር አላቸው፤ እነርሱ ስላከበሩት ግን ለእኛ አይከለከልም። እግዚአብሔር በሦስተኛው ቀን ምድር ቡቃያን እንድታበቅል ሲያዝ (ዘፍ. 1፥11) ልምላሜን ለሰው ሁሉ ነው የሰጠው። የጅማን የቡና ጫካ የማን ቀለም ነው ብሎ የሚከፋፈለው የለም።

ተስፋ ነው ያለችሽ እውነት ብላለች፤ ነገር ግን ከዚያም የሰፋ ነው። ሰሙነ ሕማማትን አስቢ። በሆሣዕና ዘንባባ ይዘን ጌታን እንቀበላለን (ዮሐ. 12፥13)። ከሰኞ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ትለብሳለች፤ መስቀል መሳለም የለም፣ ካህኑም «እግዚአብሔር ይፍታ» አይልም። ዓርብ ስግደቱ ሲያበቃ ካህኑ ጀርባችንን በወይራ ቅጠል ጠብ ጠብ አድርጎ ተጨማሪ ስግደት ያዘናል። ይህም ለምለም ቅጠል ነው፤ የሚናገረው ግን ንስሐን ነው። ጌታ ለሚያለቅሱለት ሴቶች «በእርጥብ እንጨት እንዲህ የሚያደርጉ ከሆኑ፥ በደረቀውስ እንዴት ይሆን?» ብሏቸዋል (ሉቃ. 23፥31)። እርጥቡ እርሱ ነው፤ ደረቁ እኛ ነን።

ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ፣ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ቄጤማ ያድላሉ፤ በመስቀሉ ሰላምን አደረገ ማለት ነው። የኖኅ ርግብ ያመጣችው የወይራ ቅጠል ነበር (ዘፍ. 8፥11)፤ በእኛ ሥርዓት ያንን የምሥራች ቄጤማው ይዞታል። ልብ በዪ፤ ቅጠሉ ሲመጣ ኖኅ ገና መርከብ ውስጥ ነበር። ቅዳሜም እንዲሁ ነው፤ ሐዘኑ ቀለል ብሏል፣ ጾሙ ግን አልተፈታም፣ ያከፈለውም፣ እስከ ትንሣኤ እህል ውኃ ሳይቀምስ የሚጾመው ሰው፣ አፉን አላሟሸም። አረንጓዴ ልብ ውስጥ የሚያሳድረው ይህንን ነው፦ ጎርፉ መጉደሉን ሰምቶ በሩ እስኪከፈት መጠበቅ።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ካህኑ የሰጡሽን ቄጤማ ሳትሰብሪ በግንባርሽ ዙሪያ አዙሪና ከኋላ አላልተሽ ቋጪው፤ ከጠበቀ አገዳው ይሰበራል። ደረቅ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጥቂት አሳርፊው፣ ይለሰልሳል። ፌስታል ውስጥ አትዝጊበት፤ ታፍኖ ይሻግታል። እስከ ትንሣኤ ሌሊት በራስሽ ላይ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ቤትሽ ካለው ሥዕለ አድኅኖ (ቅዱስ ሥዕል) አጠገብ አኑሪው፤ ሲደርቅ ከቆሻሻ ጋር አትጣዪው፣ የት እንደሚቃጠል ንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ሌላ ነው፤ እርሱን መርገጥ ኃጢአት የለውም፣ ጠርጎ መጣልም እንዲሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። «ለዕድል አረንጓዴ ልበሺ»፣ «ዛሩ ይህን ቀለም ይወዳል» የሚሉ ይኖራሉ። እስራኤልም ከለምለም ዛፍ ሁሉ በታች ጣዖት አምልከው ነቢዩ ኤርምያስ ወቅሷቸዋል (ኤር. 2፥20)፤ ጥፋቱ የዛፉ አልነበረም። እንዲህ ብሎ ጨርቅ የሚሰጥሽ ካለ አትቀበዪው፤ ቀድሞ የተቀበልሽው ካለም ይዘሽው ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ።