ልጄ «9ኛ ፐርሰንታይል» ተባለ፦ ስለ ልጆች የእንቅስቃሴ ምዘና ጥያቄና መልስ

የልጆች ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የምሠራው አሜሪካ ውስጥ ነው። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የተደጋገሙትን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ ትምህርት ቤቱ የ7 ዓመት ልጄን የእንቅስቃሴ ቅንጅት መዝኖ «9ኛ ፐርሰንታይል» የሚል ወረቀት ላከልን። ወደቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አልወደቀም። እኩዮቹ የሆኑ 100 ልጆች በውጤታቸው ቢሰለፉ ከታች 9ኛው አካባቢ ይቆማል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው ሙቭመንት ኤቢሲ 2 በ2007 የወጣ የእንግሊዞች መለኪያ ነው። ስምንት ሥራዎች አሉት፦ ሦስቱ የእጅ ቅልጥፍና፣ ሁለቱ መወርወርና መቅለብ፣ ሦስቱ ሚዛን መጠበቅ። የሚነበበው እንደ ትራፊክ መብራት ነው፤ እስከ 5ኛ ቀይ፣ እስከ 15ኛ ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ልጅዎ ቢጫ ላይ ነው፤ ይከታተሉት እንጂ አይደንግጡ። የሦስቱን ክፍሎች ውጤት ግን ለየብቻ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ ድምር ብዙ ነገር ይደብቃል።

ጥያቄ፦ የእኛ ልጆች ያደጉት በሌላ ጨዋታ ነው። በፈረንጅ ልጅ መለኪያ መመዘናቸው ፍትሐዊ ነው?

መልስ፦ እኔንም የሚከነክነኝ ይኸው ነው። የመለኪያው ደረጃ የወጣው 1,172 የብሪታንያ ልጆች ተመዝነው ነው። በ2001 የታተመ አንድ ጥናት የዚሁ መለኪያ ቀዳሚ እትም ለሆንግ ኮንግና ለአሜሪካ ሕፃናት ሲሰጥ የታየውን ያሳያል። የሆንግ ኮንጎቹ በእጅ ሥራና እየተንቀሳቀሱ ሚዛን በመጠበቅ በለጡ፤ አሜሪካኖቹ ኳስ በመወርወርና በመቅለብ። ሁለቱም ጤነኛ ልጆች ናቸው። እጅ የለመደውን ይሠራል።

አንድ ጊዜ ከኢትዮጵያ በቅርብ የመጣች የ8 ዓመት ልጅ መዘንኩ። ሥራው ትናንሽ ችካሎችን በተቻለ ፍጥነት ቀዳዳ ውስጥ መትከል ነው። እሷ እያንዳንዱን ችካል ትተክላለች፣ ታስተካክላለች፣ ቀና ብላ ፊቴን ታያለች፣ ከዚያ ሌላውን ታነሳለች። ቤቷ ውስጥ «ቀስ በይ፣ እንዳትሰብሪው» እየተባለች ያደገች ልጅ ናት፤ ሰዓቴ የቆጠረው ጨዋነቷን ነበር። እናቷን ላነጋግር ወጥቼ ስመለስ ከጠረጴዛው ላይ ላጲሶቹን ሰብስባ ቅልብልቦሽ ይዛለች። አንዱን ወደ ላይ ወርውራ አራቱን በአንድ እጇ ትጠርግና የተወረወረውን መሬት ሳይነካ ትቀልበዋለች።

ውጤቷን አልቀየርኩም። እንደ ደንቡ ያልተሰጠ ፈተና ቁጥሩ ከንቱ ነው። ያየሁትን ግን ከቁጥሩ ጎን ጻፍኩት፤ መዛኙ ይህን እንዲያደርግ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። ሥራው ለልጁ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረውና «ፍጥነት ይፈለጋል» መባሉን እንዲረዳ ማድረግም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ «የአበሻ ልጅ ቶሎ ይሄዳል» ትላለች። የልጅ ልጇ በ14 ወሩ አልሄደም ብላ ተጨንቃለች።

መልስ፦ እማማ አይጨነቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 ባወጣው መለኪያ ብቻውን የመሄጃው ዕድሜ ከ8 ወር ገደማ እስከ 17 ወር ተኩል ይዘልቃል። ከመቶ አራት የሚሆኑት ደግሞ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ነው የሄዱት።

የአስተዳደግ ልዩነት ግን እውነት ነው። በኬንያ የኪፕሲጊስ ብሔረሰብ እናቶች መቀመጥንና መሄድን ሆን ብለው ስለሚያለማምዱ ልጆቻቸው በሁለቱ ይቀድማሉ፤ በማያለማምዱት በመዳህ ግን አይቀድሙም። በፓራጓይ ጫካ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የአቼ ብሔረሰብ ልጆች ብዙ ጊዜ ታዝለው ስለሚውሉ የሚሄዱት ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ነበር፤ ከፍ ሲሉ ግን ዛፍ ላይ ይወጣሉ። የእኛም «ወፌ ቆመች» ያው ልምምድ ነው፤ አያቱ ይቀጥሉበት።

ጥያቄ፦ የልደት ቀኗ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የተመዘገበው። ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በጣም! 6 ዓመት ከ11 ወር የሆናት ልጅና 7 የሞላት የሚሠሩት ሥራ እንኳ ይለያያል። «8 ደምር» ብቻ አይበሉ፤ ኅዳር 2010 የተወለደች በፈረንጆቹ 2017 ናት፣ የካቲት 2010 የተወለደች 2018። የመጀመሪያዋን 2018 ብለው ከጻፉ ልጅዎን በአንድ ዓመት አሳንሰዋታል፤ ውጤቷም ያለ አግባብ ያምራል።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ለእኛ ልጆች ተብሎ የተስተካከለ መለኪያ አለ?

መልስ፦ ዴንቨር 2 የተባለው የዕድገት መለኪያ ጅማ ላይ ለአካባቢው ልጆች ተስተካክሏል። ማላዊም በ2010 የራሷን አውጥታለች። ሁለቱም የሕፃናት ናቸው፤ ለተማሪ ልጅ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው «ባህላችን ስለማይገጥም ነው» ብዬ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ከ5 እስከ 11 ዓመት ካሉ ልጆች ከመቶ 5 ወይም 6 የሚሆኑት የእውነት የቅንጅት ችግር አለባቸው፤ ባህል ሰበብ ሆኖ እርዳታ የዘገየባቸውን አይቻለሁ። በነገራችን ላይ ችግሩ በፈተና ቁጥር ብቻ አይወሰንም፤ የዕለት ኑሮን ማወኩ መታየት አለበት። ስለዚህ ልጁን አብረውት ካደጉት ጋር፣ በአጎቱ ልጆችና በእህቱ ይለኩት። እነሱ ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ እሱ ቁልፉን ይስታል? እንጀራውን ቆርሶ ወጡን ሲጠቀልል ሁልጊዜ ደረቱ ላይ ይፈስበታል? ሱዚ ሲዘለል ጥግ ይዞ ያያል? ለአንድ ሳምንት ይጻፉትና ለትምህርት ቤቱ ስብሰባ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ።