ድንጋዩ አልበዛም፤ አፈሩ ነው የሄደው

ጥያቄ፦ እርሻዬ መናገሻ አካባቢ ተዳፋት ላይ ነው፤ ቀይ አፈር ነው። ማዳበሪያ በየዓመቱ እጨምራለሁ፣ ምርቱ ግን ይቀንሳል። ስንዴው ከታች ደህና ነው፣ ከላይ ይቀጭጫል። ድንጋዩም እየበዛ አስቸገረኝ። መሬቱ አርጅቶ ይሆን? የትኛው ማዳበሪያ ይሻለኛል?

መልስ፦ የማዳበሪያውን ምርጫ ይተዉት፤ መሬትዎ ታጥቧል። ስለ ጎርፍ አንድም ቃል አልጻፉም፣ የነገሩኝ ምልክት ሁሉ ግን የእሱ ነው። ድንጋዩ ከየትም አልመጣም፤ የሸፈነው አፈር ሲወርድ ብቅ አለ። የታችኛው ስንዴ የሚያምረውም የላይኛውን አፈርና የከፈሉበትን ማዳበሪያ ስለሚበላ ነው። ቦረቦር ስላላዩ አልጠረጠሩም ይሆናል። የሐምሌ ዶፍ ግን ቦረቦር ሳያበጅም ለስልሶ የታረሰውን ማሳ በስሱ ይገፍፈዋል፤ ቀድሞ የሚሄደውም ብስባሽ ያለበት የላይኛው አፈር ነው።

ደሾ ሣር ይትከሉ። ችግኙን የቀበሌዎን የግብርና ልማት ሠራተኛ ይጠይቁ። መስመሩ ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ፣ ከፍታውም ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሁን፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ግልጽ ቱቦ ውሃ ይሙሉና ጫፎቹን እኩል ምልክት ባላቸው ሁለት እንጨቶች ላይ አስረው ያቁሙ። ውሃው በሁለቱም ምልክት ላይ ሲቆም እንጨቶቹ ያረፉበት ቦታ እኩል ነው፤ ችካል ይትከሉበትና ይቀጥሉ። መሬቱ 1 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ መስመር ይበቃል። በ10 ሜትር ርቀት 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ መስመሮቹ በየ10 ሜትሩ ይሆናሉ፤ ረገብ ያለ ከሆነ ይራራቃሉ።

ሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲደላደል፣ ደሾውን ከነሥሩ ሰንጥቀው በየመስመሩ ሁለት ረድፍ አጠጋግተው ይትከሉ፤ የአንዱ ረድፍ ችግኝ የሌላውን ክፍተት ይሸፍን። ነሐሴ ላይ ዞረው ያልያዘውን ይተኩ፤ ጎርፍ የሚመርጠው ክፍቷን ቦታ ነው። ሣሩ የውሃውን ጉልበት ሲሰብር አፈሩ ከበላዩ ይጠራቀማል፣ ከዓመት ዓመትም ራሱ እርከን ይሆናል። ለላምዎ የሚታጨድ መኖም ያገኛሉ።

አንድ ቅሬታም አለኝ፤ እርስዎም ሳያደርጉት አይቀሩም። ውሃ ቶሎ ይውጣ ተብሎ ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ ማስወገጃ ቦይ፣ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይወጣል። ይህ ለጎርፍ መንገድ መጥረግ ነው፤ ከታች ያለው ጎረቤትም ዕዳውን ይከፍላል። ጥቁር አፈር ውሃ ስለሚቋጥር ፈሰስ ያስፈልገዋል፤ የእርስዎ ቀይ አፈር ግን ውሃ ያሰርጋል። የግድ ካስፈለገ በ10 ሜትር ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚወርድ ይሁን፣ መጨረሻውም ሣር ያለበት ቦታ ላይ ይፍሰስ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲያርሱም ተዳፋቱን አግድም እያቋረጡ ይሁን።

ከአጨዳ በኋላ ከብት ሲለቀቅ ደሾውን ያስጠብቁ። ሥሩ ሳይጸና ከተጋጠ ተነቅሎ ይቀራል፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን በጋ አጭደው ይመግቡ።