ሹም ሲቀየር ዋርድ ውስጥ ምን ይቀየራል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ እንደሆንሽ ነግረሽናል። «ሐኪሙ ያው ሐኪም ነው፣ መድኃኒቱም ያው መድኃኒት። ላይ ያለው ሹም ቢቀያየር ታች ላለው ታማሚ ምን ይለውጥለታል? ደግሞስ ፖለቲካን ከጤና ማውጣት አይቻልም ወይ?» ነው ያልሽው። መልሴ ረዘም ይላል፤ ታገሺኝ።

22 ዓመት በጤና ሥራ ላይ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን 9 ዓመታት ዋርድ ውስጥ በነርስነት ሠራሁ። የቀረውን በዕቅድና በጀት ክፍል። ነርስ ሳለሁ ልክ እንዳንቺ ነበር የማስበው። ፖለቲካ ማለት ለእኔ ዜና ላይ የሚወራ ነገር ነበር። በጀት ክፍል ከገባሁ በኋላ ግን ዓመት ሳይሞላኝ ሐሳቤን ቀየርኩ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ጓንት ነው። ዋርድ ውስጥ ሳለን ጓንት በየዓመቱ ያልቅብን ነበር፤ ሁልጊዜም በአንድ ሰሞን። እኛ የስቶር ሠራተኛውን እንረግማለን። በኋላ ከጠረጴዛው ማዶ ስቀመጥ ሰውዬው ምንም እንዳላጠፋ ገባኝ። በጀቱ ዓመቱ ሲጀምር ይጸድቃል። ገንዘቡ የሚለቀቀው ግን ዘግይቶ ነው። አንዳንድ ዓመት ሰባተኛው ወር ላይ። ከዚያ ጨረታ ይወጣል። ጨረታው ሲያልቅ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ይቀረዋል። ያልወጣ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ተመላሽ ያደረገ መሥሪያ ቤት ደግሞ «የመጠቀም አቅም የለውም» ተብሎ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀነስበታል። ስለዚህ ሁሉም በጀት ማቃጠል ይጀምራል። ገበያ ላይ የተገኘው ሁሉ ይገዛል። ጓንት ስንጠብቅ ማንም ያላዘዘው ሽሮፕ በካርቶን በካርቶን ይመጣል፤ ያውም ጊዜው ሊያልፍ ወራት የቀሩት።

እስቲ አስቢው። ገንዘቡ መቼ ይለቀቅ የሚለውን የሚወስነው ማነው? ሐኪም አይደለም። ብር ሲያጥር ማን ይቅደም፣ ማን ይጠብቅ ብሎ የሚወስን ሰው አለ። ጤና «ይጠብቅ» ከሚባሉት ጎራ ከተመደበ ወሬው ዋርድ የሚደርሰው በጓንት መልክ ነው። ፖለቲካ ወደ ጤና የሚገባው በንግግር በኩል ይመስለን ነበር። እኔ ያየሁት ግን በገንዘብ መልቀቂያ ቀን፣ በመደብ ዝርዝርና በሪፖርት ቅጽ በኩል ሲገባ ነው።

መደብ ያልኩት ለምን መሰለሽ? አንድ ጊዜ ለሆስፒታላችን የኦክስጅን ማምረቻ ተተከለ። ትልቅ ነገር ነበር፤ አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎን አልቅሰናል። ባለሥልጣናት መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ትንሽ ዕቃ ተበላሸ። ለመለዋወጫ የተያዘ በጀት የለም። ማሽኑን የሚያውቅ የባዮሜዲካል ባለሙያ እንቅጠር ስንል «መደቡ አልተፈቀደም» ተባልን። ማሽኑ ተቆለፈ። እኛ ወደ ድሮው ተመልሰን ሲሊንደር በመኪና ማመላለስ ቀጠልን። ክፋት ያለበት ሰው አልነበረም። ችግሩ፣ ግንባታ ምረቃ አለው፤ ጥገና ግን ምረቃ የለውም። የአንድ ቴክኒሻን ደሞዝ ዜና አይሆንም። የሥልጣን ዘመኑ አጭር የሆነ ሰው ደግሞ ቶሎ የሚታይ ነገር ቢፈልግ አይፈረድበትም። (አዎ፣ እኔም ፎቶው ላይ አለሁ። ከጀርባ ቆሜ እስቃለሁ።)

ይሄ ነገር ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ክብካቤን ነው። ሕክምና ሌላ፣ ክብካቤ ሌላ። ነርስ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሕመማቸው ታክሞ አልቋል፤ ሐኪሙ የመውጫ ወረቀት ፈርሟል። ቤት ውስጥ ግን የሚያነሳቸው፣ የሚያጥባቸው ሰው የለም። ሁለት ወር ያህል አልጋው ላይ ቆዩ። ኮሪደር ላይ ደግሞ አልጋ የሚጠብቁ ሰዎች ተደርድረዋል። «አልጋ አጠረን» ብለን ሪፖርት ጻፍን። ያጠረን ግን የቤት ለቤት ተንከባካቢ ነበር። እሱን የሚመለከት መሥሪያ ቤት ከእኛ ጋር ስብሰባ እንኳ አይቀመጥም።

እንግሊዞችን ተመልከቺ። ብሔራዊ የጤና አገልግሎታቸው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1948 ሥራ ሲጀምር ሕክምናው ለሁሉም ነፃ ሆነ። የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ክብካቤ ግን ለአካባቢ አስተዳደሮች ተተወ፤ ገቢ እየታየ ሰው የሚከፍልበት ሆኖ። ያ መስመር የተሰመረው በዚያ ዓመት ነው፤ ዛሬም ድረስ ሰው ሆስፒታል ገብቶ መውጫ የሚያጣው በእሱ ምክንያት ነው። ለማስተካከል አልሞከሩም እንዳትይ። በ2011 አንድ ኮሚሽን፣ ሰው ዕድሜ ልኩን ለክብካቤ ከኪሱ በሚያወጣው ላይ ጣሪያ ይደረግ አለ። በ2014 ሕግ ወጣ። በ2016 ይጀምራል ተባለ፤ ወደ 2020 ተገፋ። ከዚያ አዲስ ዕቅድ ወጣና ለ2023 ተቀጠረ፤ እሱም ወደ 2025 ተገፋ። በ2024 አዲስ መንግሥት መጣና ጭራሽ ሰረዘው። ሕግ አለ፣ ጥናት አለ፣ አንዱ ፓርቲም ሌላውም ሐሳቡን ክፉ ነው አላለም። ብቻ ገንዘቡን የኔ ነው የሚል ጠፋ። ጀርመኖች በ1995፣ ጃፓኖች በ2000 ለክብካቤ ራሱን የቻለ የግዴታ መድን አቋቁመዋል። ጃፓን ውስጥ ሰው 40 ዓመት ሲሞላው መዋጮ መክፈል ይጀምራል። የእንግሊዝ ሐኪም ከጃፓን ሐኪም ስለሚያንስ አይደለም ልዩነቱ።

አሁን ወደ ሪፖርት ቅጹ ልምጣ። ስለ አመራር የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከእሱ ነው።

አንድ ኃላፊ ነበሩን። «በእኛ ሥር በወሊድ የምትሞት እናት ቁጥር ዜሮ ይሆናል» ብለው አወጁ። ደስ የሚል ዓላማ ነው። ሞት የተመዘገበበት ጤና ጣቢያ ግን ግምገማ ላይ ይቆማል፣ ይወረፋል። ምን ሆነ መሰለሽ? ቁጥሩ በእርግጥ ወደ ዜሮ ወረደ። እናቶቹ ግን መሞታቸውን አላቆሙም። ሁኔታዋ የከፋ እናት ስትመጣ በመጨረሻዋ ሰዓት ሪፈር ትጻፍላታለች። መንገድ ላይ ከሞተች የማንም አይደለችም። በእኛ ወረቀት ላይ «ሪፈር የተላከች» ናት፤ በተቀባዩ ወረቀት ላይ «ስትደርስ ያለፈች»። ይህን ያደረጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጅ የሚያሳድጉ፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። አለቃው የጠየቀውን ነው የሰጡት።

ከእሳቸው በኋላ አንዲት ሴት ተሾመች። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ያለችን አጭር ነበር። ሞት ያሳወቀ አይወቀስም፣ የደበቀ ግን ይጠየቃል። አላመንናትም። ሦስት ወር ፈጀብን ለማመን። ከዚያ የሞቱት ቁጥር በሪፖርት ላይ ዘሎ ወጣ፣ ላይ ያሉትም ጠርተው ፈጠጡባት። «ካንቺ በፊት ዜሮ ነበር» አሏት። እሷ ግን ፋይሎቹን አንድ በአንድ አስነበበችን። ብዙዎቹ ደም ፈሷቸው፣ ያውም ሌሊት ነው የሞቱት። ለምን ሌሊት? ደም ሌሊት አይመጣም ነበር። ለምን አይመጣም? ሹፌሩ የትርፍ ሰዓት ስለማይከፈለው ማታ መኪናውን አቁሞ ይሄዳል። እንግዲህ ይታይሽ። ዜሮ ዜሮ ስንል በኖርንባቸው ዓመታት መልሱ የአንድ ሹፌር የትርፍ ሰዓት ክፍያ ውስጥ ነበር። እውነተኛ ቁጥር ስላልነበረን አላየነውም።

ነገሩ በአገር ደረጃ ሲሆን ምን እንደሚመስል ደቡብ አፍሪካ አሳይታለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ኤድስን የሚያመጣው ኤች አይ ቪ መሆኑን ተጠራጠሩ። የጤና ሚኒስትራቸው ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሥር ያሞግሱ ነበር። መድኃኒቱ ነበር። ሐኪሞቹም ነበሩ፤ ያውም ጥሩ ጥሩ ሐኪሞች። ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን የሚከላከለው መድኃኒት እንዲሰጥ መንግሥት የታዘዘው በ2002 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው፤ ለታማሚዎች የሚሟገቱ ሰዎች ከስሰው። በ2008 የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በመዘግየቱ ከ330 ሺህ በላይ ሰው ሕይወቱን እንዳጣ ገመተ። አመራሩ ሲቀየር ያችው አገር፣ በእነዚያው ሐኪሞች፣ በዓለም ትልቁን የኤች አይ ቪ ሕክምና ፕሮግራም አቋቋመች። «ሐኪሙ ያው፣ መድኃኒቱ ያው» ላልሽው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ፖለቲካን ማውጣት ይቻላል ወይ ላልሽው ደግሞ፣ አይቻልም። ቢቻልም እኔ አልፈልግም። የታይላንድን ታሪክ ስለምወደው ነው። እነ ሳንጉዋን ኒታያራምፖንግ የተባሉ ሐኪሞች ለሁሉም የሚሆን የጤና ሽፋን እንዴት እንደሚሠራ ለዓመታት አጥንተው፣ አስልተው አስቀምጠዋል። ወረቀቱ ግን ወረቀት ነበር። በ2001 ምርጫ ታክሲን ሺናዋትራ የተባለ ፖለቲከኛ ፓርቲ ሐሳቡን አንስቶ «በ30 ባህት ማንም ይታከማል» ብሎ ቀሰቀሰበት። አሸነፈ። በዓመት ገደማ ውስጥ አገሪቱን አዳረሰው፤ በ2002ም ሕግ አደረገው። ድምፅ የሚፈልግ ፖለቲከኛ ባይኖር ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ ነበር።

የምወደው ግን ቀጥሎ የመጣውን ነው። በ2006 ወታደሮቹ ታክሲንን ገለበጡ። ሰውየውን ጠሉት፣ ፕሮግራሙን ግን መንካት አልደፈሩም። እንዲያውም 30 ባህቷን አንስተው ነፃ አደረጉት። ሰዉ የኔ ነው ብሎ ይዞታል፣ ሕግ አለው፣ ራሱን የቻለ ተቋምና በነፍስ ወከፍ የሚሰላ በጀት አለው። ሜክሲኮን ደግሞ ከጎኑ አስቀምጪው። በ2004 ሥራ የጀመረው የሕዝብ የጤና መድን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው አቅፎ ነበር። በ2020 አዲሱ መንግሥት አፍርሶ በሌላ ተቋም ተካው። ተተኪው በ2023 ራሱ ፈረሰ። እዚያም ሕግ ነበር፣ ብቻውን ግን አላዳነውም።

የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽንም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር አንድ ብልህ ውሳኔ ነበረው ብዬ አምናለሁ። በብዙ አገር እንዲህ ያለ ሥራ በበጎ ፈቃድ ይሠራል፤ እዚህ ግን ለሠልጣኞቹ ሴቶች የመንግሥት ደሞዝ ቆረጡላቸው። በጎ ፈቃድ ዘመቻ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ደሞዝ ግን በየወሩ የሚፈርምለት ሰው ይፈልጋል። ደሞዙ ይበቃል ወይ ካልሽ ያ ሌላ ጨዋታ ነው።

አንድ ነገር ለእኛ ለባለሙያዎቹም ልበል። ፖለቲከኛን ስንወቅስ ራሳችንን ንጹሕ ማድረግ እንወዳለን። የእንግሊዙ አገልግሎት ሊጀመር ወራት ሲቀሩት በሐኪሞች ማኅበር ድምፅ አሰጣጥ አብዛኛው ሐኪም አልገባም ብሎ ነበር። ሚኒስትሩ አኑሪን ቤቫን ስፔሻሊስቶቹን በግል ሥራ እንዲቀጥሉ ፈቅዶ ነው ያግባባቸው። ንጹሕ ስምምነት አልነበረም፤ ግን ሥራው ተጀመረ። ያው ሰው ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ክፍያ ይጠየቅ ሲባል በ1951 ሥልጣኑን ጥሎ ወጣ። መደራደር የት ድረስ፣ እምቢ ማለት የት ላይ የሚለውን ሳስብ ሁሌ እሱ ትዝ ይለኛል።

ያቺ ኃላፊያችን ሦስት ዓመት ሳትሞላ ተነሳች። የመጨረሻው ሳምንቷ ላይ የሹፌሩንና የሌሊት ዲዩቲ ክፍያውን ከ«ልዩ ልዩ ወጪ» አውጥታ የራሱ መስመርና ኮድ እንዲኖረው አስጸደቀች። እኔ አሰልቺ የወረቀት ሥራ መስሎኝ አጉረምርሜ ነበር። ከእሷ በኋላ አራት ኃላፊ ተቀያይሯል። መስመሩ ግን አልተነሳም። ለማንሳት ስብሰባ ጠርቶ፣ የሌሊት ሹፌር አያስፈልግም ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋላ!

ስለዚህ ለልምምድ ስትወጪ መጀመሪያ ፋይናንስ ክፍል ግቢ። ያለፈው ዓመት ገንዘብ በስንተኛው ወር እንደተለቀቀ፣ ለጥገና የራሱ መስመር እንዳለው፣ ለሌሊት ሥራ ማን እንደሚከፈልና ማን እንደማይከፈል ጠይቂ። መጀመሪያ ላይ ፊት ይነሱሻል። ሻይ ይዘሽ ከሄድሽ ግን ይነግሩሻል።