ፔዳል ለምትሠሩ የባሕር ዳር ልጆች

ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ውስጥ ሬዲዮና የድምፅ ማጉያ ስጠግን ነው ያረጀሁት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጊታር የምትጫወቱ ወጣቶች ራሳችሁ የሠራችሁትን የኦቨርድራይቭ ፔዳል፣ ማለትም በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን ዕቃ፣ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። የምታሳዩኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳጥን የሌለው፣ ሽቦው የተንጠለጠለ ሰሌዳ ነው። «ይሠራል እኮ ጋሼ» ትሉኛላችሁ። ጠረጴዛ ላይ መሥራቱን አልጠራጠርም። መድረክ ላይ በጫማ ሲረገጥስ?

ሰርኪዩቱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ዑደቱ፣ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው ብል አትቀየሙኝ። ኢባኔዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ቲዩብ ስክሪመር የተባለ ፔዳል እስከ ዛሬ ይኮረጃል፤ ዋናው ነገሩ ኦፕአምፕ የሚባል አንድ የማጉያ ቺፕና በተቃራኒ አቅጣጫ ጎን ለጎን የታሰሩ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ዳዮዶች ናቸው። ኦፕአምፑ ድምፁን ያጎላል፤ ዳዮዶቹ ሞገዱ ከልክ ሲያልፍ ጫፉን ያለዝቡታል። የሲሊከን ዳዮድ በ0.6 ቮልት ገደማ ይከፈታል፣ ጀርማኒየም ደግሞ በ0.3 ገደማ፤ ስለዚህ ጀርማኒየሙ ቶሎ ይሻክራል፣ የሚወጣው ድምፅ ግን ያንሳል። ጀርማኒየም የሚያምራችሁ ከሆነ የተጣለ የድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ ፈልጉ፤ ድምፁን ከሞገዱ የሚለየው ዳዮድ ብዙ ጊዜ ጀርማኒየም ነው። ይህ ሰርኪዩት ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ እየቀነሰ ነው የሚያጎላው፤ እንዳይደፈርስ። ያም ሆኖ ሙሉ ኮርድ ይከብደዋል። የባቲን ወይም የትዝታን ዜማ አንድ በአንድ ስትለቅሙበት ነው የሚያምርበት።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ብረት ይሁን። የፕላስቲክ ዕቃ ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ማጉረምረም አያግድም። አሉሚኒየሙም ቢሆን የሚያግደው ከግራውንድ (ከሰርኪዩቱ የጋራ መመለሻ መስመር) ጋር ሲገናኝ ብቻ ስለሆነ ጃኩ፣ ማለትም የገመዱ መሰኪያ፣ የሚያርፍበትን የውስጥ ገጽ ከቀለም ነጻ አድርጉት። ቀዳዳ የሚበሳው ከቀለም በፊት ነው፤ የእግር ማብሪያው 12 ሚሊሜትር ይፈልጋል፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ጀምራችሁ አስፉት። ማብሪያው ላይ ስትበይዱ አትዘግዩ፤ ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል።

መብራት በሚጠፋበት አገር ባለ 9 ቮልት ባትሪ አትናቁ። የመግቢያው ጃክ ስቴሪዮ ይሁንና የባትሪው ኔጌቲቭ በመካከለኛው እግሩ ላይ ይታሰር፤ የጊታሩ ገመድ ሲነቀል ባትሪው ራሱ ይዘጋል። አዳፕተር የምትጠቀሙ ከሆነ አብዛኞቹ ፔዳሎች መሐሉ ኔጌቲቭ የሆነውን ነው የሚፈልጉት፤ ቤት ውስጥ የምታገኙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ተቃራኒው ቢሰካ የሚከላከል አንድ ዳዮድ ጨምሩበት፤ ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም።

ቀለም ላይ ነው ትዕግሥት የሚያልቅባችሁ። ገጹን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት፤ የጣት ቅባት ቀለሙን ያስለቅቀዋል። በስስ በስሱ ርጩ፤ ወፍራም ቀለም ይወርዳል። በክረምት ግን ተዉት። ዝናብ ያረጠበው አየር ላይ የሚረጭ ማንጸባረቂያ ውስጡ እርጥበት ይዞ ነጭ ጭጋግ ያበጃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጥሩ ናቸው፤ ያውም ረፋድ ላይ። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ አቧራ ያመጣል፣ ሲመሽ ደግሞ ትንኞቹ መብራት አይተው ይመጡና ቀለሙ ላይ ይለጠፋሉ። ጣና ዳር የምትኖሩ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቀለሙ በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የማይዝ እስኪሆን ድረስ አንድም ብሎን አትጠምዝዙ፤ ለመድረክ የተቸኮለ ሰው ይህን ምክር አይሰማም፣ ይገባኛል።

የመጠምዘዣዎቹን ስም ከማንጸባረቂያው በፊት ጻፉ፤ በላዩ ላይ ከተጻፈ በላብ ይጠፋል። በክዳኑ ውስጥ ደግሞ የሰርኪዩቱን ሥዕልና የሠራችሁበትን ቀን ለጥፉ። ዕቃው አንድ ቀን ዝም ይላል፤ ይህ የማይቀር ነው። የሚከፍተው ጠጋኝ እናንተን አያውቃችሁም፣ የትኛው ሽቦ ለምን እንደተዘዋወረም ሊገምት አይችልም። እኔ በበኩሌ ሥዕል የሌለው ሳጥን ሲመጣልኝ የጥገናውን ዋጋ እጥፍ ነው የምጠይቀው።