ሄልሜት ውስጥ የገባ ስፒከር ጆሮ ሲያሳምም

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። በሞተር ዕቃ የማደርስ የጀሞ ልጅ ነኝ። ደንበኛ በደወለ ቁጥር ዳር ይዤ ሄልሜት ማውለቅ ሲሰለቸኝ ሄልሜት ውስጥ የሚገባ የብሉቱዝ መገናኛ ገዛሁ፤ የሸጡልኝ ልጆች ራሳቸው ገጠሙልኝ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀኝ ጆሮዬን ያቃጥለኛል። ማታ ሳወልቀው ቀልቶ አገኘዋለሁ። ደንበኞች ደግሞ ‹ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማን› እያሉ ይዘጉብኛል። ሄልሜቴ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ነው። ጓደኛዬ ‹የውስጡን ፎም በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርገህ ስፒከሩን ቅበረው› ብሎኛል። ላድርገው ወይስ ሌላ ልግዛ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ቢላውን አስቀምጥ። ከጨርቁ ሥር ያለው ጠንካራ ፎም፣ ቴሌቪዥን ታሽጎበት የሚመጣው ዓይነት፣ ስትወድቅ እየተጨፈለቀ የግጭቱን ኃይል የሚውጠው እሱ ነው። ላዩ ላይ ያለው ቀለም የተቀባ ቅርፊት ብቻውን አያድንህም። ጓደኛህ ፋቀው ያለህ ቦታ ደግሞ ከጆሮ ግንድህ አጠገብ ነው፤ እዚያ ፎሙን አሳስተህ ማግኔት ያለበት ደረቅ ስፒከር ብትቀብርበት ምን እንደሚሆን አስበው። የተፋቀ ሄልሜት የሚያመጡልኝ አሉ፣ እኔ ግን በእሱ ላይ ምንም አልገጥምም።

ሌላ ለመግዛትም አትቸኩል። እንዲህ ያለ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዕቃው ማርክ ሳይሆን ከአገጣጠሙ ነው። የተለመደው ስፒከር ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱም ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ከኋላው ቬልክሮ (ሲጫኑት የሚጣበቅ፣ ሲስቡት የሚላቀቅ ጨርቅ)፣ ከፊቱ ስፖንጅ ሲጨመርበት የጆሮህን ቦታ ይሻማል። ጆሮ ደግሞ ስስ ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ቢጫኑት ዝም ይላል፣ ሰዓት ሲቆጠር ነው የሚጮኸው። ሱቅ ውስጥ ለክተኸው «ይመቻል» ያልከው ለዚህ ነው።

ከጻፍከው ሁሉ ዓይኔን የያዘው «ቀኝ ጆሮዬን» ያልከው ነው። ዋናው ዕቃ የሚሰካው በሄልሜቱ ግራ በኩል ነው። ወደ ቀኙ ስፒከር የሚሄደው ሽቦ ሄልሜቱን በኋላ ዞሮ ስለሚያልፍ ለትልቁም ሄልሜት እንዲበቃ ረዘም ተደርጎ ይሠራል። ትርፉን ሽቦ ገጣጣሚው ጠቅልሎ ቀኙ ስፒከር ጀርባ ወይም የቀኝ ጉንጭ ስፖንጅ ሥር ይወሽቀዋል። ጥቅልሉ ስፒከሩን ወደ ጆሮህ ይገፋዋል። አንተ ቀኙን ብቻ ካመመህ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ነው። የጉንጩን ስፖንጅ ሳብ አድርገህ ንቀለው፤ በፕላስቲክ ቁልፎች ነው የተያዘው፣ ቀጥ አድርገህ ሳበው እንጂ አትጠምዝዘው። ጥቅልሉን ካገኘህ ፍታና በማጅራት በኩል ባለው ጨርቅ ሥር ሽቦ በሽቦ ላይ ሳይደራረብ ዘርጋው።

ሄልሜቱ ከተፈታ አይቀር ስፒከሩ የት እንደተለጠፈ እይ። አብዛኛው ሄልሜት በጆሮ በኩል ክብ ጎድጓዳ ኪስ አለው። የቸኮለ ገጣጣሚ ስፒከሩን ጨርቁ ላይ ይለጥፈውና ኪሱ ባዶውን ይቀራል። ጨርቁን ገልጠህ ስፒከሩን ኪሱ ወለል ላይ አስቀምጠውና ጨርቁን መልሰህ አልብሰው። አሁንም ከነካህ ቬልክሮውን አንሳና በስስ ባለሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፈው። ጨርቁ ከሸፈነው በስፒከሩ ፊት ያለው ስፖንጅም ቢወልቅ አይጎዳም። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ማትረፍህ ነው፤ ጆሮ ላይ ይህ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ቦታው። ኪሱ የተሠራው ጆሮህ እንዲያርፍበት ነውና የኪሱ መሐልና የጆሮህ ቀዳዳ ላይገጥሙ ይችላሉ። ስፒከሩ ከቀዳዳው ትንሽ ሸሸት ካለ ድምፁ ይቀጥናል፣ ጎርናናው ይጠፋል፤ አንተም ድምፅ ትጨምራለህ። ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት ስፒከሩን አውጣና ኪሱ ውስጥ የወረቀት ፕላስተር ለጥፍ። ከጆሮ ቀዳዳህ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ሊፕስቲክ ቀባት (ከእህትህ ተበደር)። የአገጭ ማሰሪያዎቹን በሁለት እጅ ወደ ውጭ ለጥጠህ ሄልሜቱን አጥልቅ፣ ነቅነቅ ሳታደርግ መልሰህ አውልቅ። ፕላስተሩ ላይ ነጥብ ሳይሆን ሰረዝ ታገኛለህ፤ ስታጠልቀውም ስታወልቀውም ጆሮህ ስለሚፋቅበት ነው። የምትፈልገው የሰረዙን የላይኛውን ጫፍ ነው፣ ጆሮህ መጨረሻ ላይ ያረፈው እዚያ ነውና። የስፒከሩን መሐል እዚያ ላይ አድርገው። ግራና ቀኝህ እኩል ካልወጡ አትደናገጥ፣ የብዙ ሰው ጆሮ እኩል አይደለም።

ማሰሪያውን ለጥጦ ማጥለቅ ዘወትርም ያስፈልጋል። ዝም ብለህ ስትጭነው የጆሮህ ጠርዝ ይታጠፍና ታጥፎ ይውላል። ካጠለቅህ በኋላ ጣትህን ከሥር አስገብተህ ጆሮህን ፈታ አድርገው። መነጽር ካለህ እግሩ ቀጭንና ቀጥ ያለ ይሁን፤ ወፍራሙን እግር ስፒከሩ ከራስህ ጋር ያጣብቀዋል።

ወደ ነፋሱ እንምጣ። ሙሉ ፊት ለሚሸፍን ሄልሜት የሚሆነው ማይክ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያለው ትንሹ ነው፤ ከአገጩ መከለያ ውስጠኛ ፊት፣ ልክ ከከንፈርህ ትይዩ ይለጠፋል። ዘንግ ያለው ማይክ ፊቱ ክፍት ለሆነ ወይም አገጩ ለሚከፈት ሄልሜት ነው። ብዙ ዕቃ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል፣ ገጣጣሚው ግን እጁ የገባውን ይሰካል። የአንተ ባለዘንጉ ሆኖ ጉንጭህ ጋ ተጠምዞ ከተቀመጠ ደንበኛህ የሚሰማው ጉንጭህንና ነፋሱን ነው። የማይኩ ስፖንጅ መኖሩንም እይ፤ በቀላሉ ይወልቃል፣ ያለ እሱ ደግሞ ትንሿ ነፋስ ማዕበል ትሆናለች። ከተማ ውስጥ መስታወቱን ከፍተህ የምትነዳ ከሆነ ስልክ ስታነሳ ዝጋው፣ አገጩ ላይ ያለውን የአየር ማስገቢያም እንዲሁ። ስልኩን በሄልሜትና በጉንጩ መካከል ሸጉጦ ከሚያወራው ሞተረኛ ይልቅ አንተ ትሻላለህ፤ ቢሆንም ረጅም ወሬ ከሆነ ዳር ይዘህ ጨርስ።

ይህን ሁሉ አድርገህ ቤትህ ቁጭ ብለህ ለግማሽ ሰዓት አጥልቀው። ስታወልቀው መስታወት ፊት ቁምና የቀላውን ቦታ እይ። መሐሉ ላይ ክብ ሆኖ ከቀላ ጥፋቱ አሁንም የስፒከሩ ነው። የላይኛው ጠርዝ ብቻ ከቀላ ጆሮህ ታጥፏል ወይም የጨርቁ ስፌት ነክቶታል። ግንባርህ ላይም ቀይ መስመር ካለ ሄልሜቱ ራሱ ጠቦሃል፤ ያኔ ምንም ዓይነት ስፒከር አይመችህም። ከቅንድብህ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ የራስህን ዙሪያ በሜትር ለካና ሄልሜቱ ውስጥ ከተጻፈው ቁጥር ጋር አስተያየው።

መግዛት ግድ ከሆነ ከዋናው ዕቃ በፊት ስፒከሩን ብቻ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። 32 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቀጭን ስፒከሮች አሉ፤ የአንተ ሽቦ በሶኬት የሚነቀል ከሆነ ልክ የሆነውን ገዝተህ መሰካት ነው። የካርዶ ፓክቶክን ወይም የሴናን ሜሽ (ብዙ ሞተረኛ የሚያገናኝ መረብ) ያላቸውን ትልልቆቹን ሰው ቢያወድስልህ አትጎምጅ። ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፣ ግን ዋጋቸውን የሚያስወድደው ብዙ ሞተረኛ አብሮ ሲጓዝ እርስ በርስ እንዲያወራ መቻሉ ነው፤ ፓክቶክ እስከ 15 ሰው ያገናኛል። አንተ ብቻህን ነህ፣ የምትፈልገው ስልክና የካርታ ድምፅ ነው። በጓንት የሚገኝ ቁልፍና የሥራ ቀንህን የሚዘልቅ ባትሪ ይብቃህ። ሄልሜት ልትቀይር ካሰብክም የጆሮ ኪሱን በጣትህ ዳስስ። የአገጭ ማሰሪያው ላይ የተሰፋውንም ምልክት እይ፣ ቁጥሩ በ06 ከጀመረ በአዲሱ የአውሮፓ ደረጃ የተፈተሸ ነው።

በጆሮ የሚሰኩትን ባለጭራ ኤርፎኖች አልመክርህም። ሄልሜቱ ሲጠልቅ ይነቅላቸዋል፣ ካልተነቀሉም ጭራቸው ይወጋል፤ ከሁሉ በላይ የአምቡላንስና የጥሩምባ ድምፅ ይደፍኑብሃል።

ድምፁንም ዝቅ አድርገው። 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ለስምንት ሰዓት የሚታገሡት ልክ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፣ በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት እያለ ይወርዳል። ወደ ደብረ ብርሃን በመሰለ ገላጣ መንገድ በ100 ስትነዳ ነፋሱ ብቻውን ሄልሜት ውስጥ ከ95 ሊያልፍ ይችላል። እዚያ ላይ ሙዚቃ ከምትጨምር ስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ አድርግ። ነፋሱን ይቀንስልሃል፣ የስፒከሩ ንግግር ግን ጥርት ብሎ ይመጣል።

ለክረምት የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር፦ የቻርጅ ቀዳዳው ጎማ በደንብ ካልተከደነ ዝናቡ ይገባል። ከዝናብ ገብተህ ወዲያው ቻርጅ አትሰካ፤ ጥረገውና ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገህ አሳድረው፣ ጠዋት ቻርጅ አድርገው።