ዘንጉ አንጎል አይነካም፤ ትንፋሹን ግን ቆጥረዋል?

ጥያቄ፦ የ8 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ጉንፋን ከያዘው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። አፍንጫው ይፈሳል፣ ያስላል፣ ማታ ማታ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ክሊኒክ ስንወስደው «ከአፍንጫው ናሙና ወስደን ቫይረስ መሆኑን እንይ» አሉን። ባለቤቴ ግን ናሙና የሚወሰድበት ዘንግ እስከ አንጎል ይገባል ሲባል ሰምቶ ስለነበር ልጁን አቅፎ ወጣ። ባለፈው ወር ለእህቱ ታዞ የተረፈ አሞክሳሲሊን ስለነበረን ሁለት ቀን እሱን ሰጥተነዋል። በምራቅ መመርመር አይቻልም ወይ? እናቱ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ ዘንጉ አንጎል አይነካም። ይቺን መስመር ለባለቤትዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

በኮሮና ጊዜ የተወራው ወሬ እስከ ዛሬ ምርመራ ክፍላችን ድረስ ይመጣል። አባቶችን አልፈርድባቸውም፤ ዘንጉ ሲታይ ረጅም ነው፣ ያስደነግጣል። አብዛኛው ግን ከባለሙያው እጅ የማያልፍ መያዣ ነው። ሰው የሚሳሳተው የአፍንጫ መንገድ ወደ ላይ፣ ወደ ግንባር የሚወጣ ስለሚመስለው ነው። መንገዱ ከላንቃ በላይ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። አንጎል ከዚያ በላይ ነው፤ በመሃልም አጥንት አለ።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። አባት ይቀመጣሉ፣ ልጁን ጀርባውን ወደ ደረታቸው አድርገው ጭናቸው ላይ ያስቀምጡታል። አንድ እጅ የልጁን እጆች ያቅፋል፣ ሌላው ግንባሩን ይይዛል። ባለሙያዋ ከአፍንጫው እስከ ጆሮው ያለውን ርቀት በዓይኗ ትለካና ከዚያ ሳታልፍ ለስላሳውን ዘንግ ታስገባለች፣ ጥቂት ሰከንድ ታሽከረክረዋለች፣ ታወጣዋለች። ልጁ ያለቅሳል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ ያነጥሳል። አንዳንዴ ጠብ የምትል ደም ትታያለች። ጡት ሲያገኝ ይረሳዋል። ዘንጉ መሃል ላይ እንቢ ካለ አይገፋም፤ ተመልሶ ይወጣል። ሲገፋ ካዩ «ይቁም» ማለት መብትዎ ነው።

ወደ ምራቁ ልምጣ። የ8 ወር ልጅ ትፋ ቢሉት አይተፋልዎትም። ከጉሮሮ መውሰድም ያስታውከዋል እንጂ አይሻለውም። ከአፍንጫው አፍ ላይ ብቻ በአጭሩ የሚወሰድ ናሙና ግን አለ። ብዙ ፈጣን ምርመራዎች እሱን ይቀበላሉ። ከጥልቁ ናሙና ትንሽ ቢያንስም ንፍጡ ለሚንጠባጠብ ልጅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። «ከፊት ቢወሰድስ?» ብለው ይጠይቁ፤ ማንም አይቆጣዎትም።

ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ። ልጅዎ ደህና እየጠባና እየተነፈሰ ከሆነ የምርመራው ውጤት ሕክምናውን ብዙም አይለውጠውም። በዚህ ዕድሜ ደረትን ሲር ሲር ከሚያሰኙት ቫይረሶች ዋናው አርኤስቪ ነው። እሱን ደግሞ የሚገድል ሽሮፕ የለም። ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይብስበትና ከዚያ እየቀለለው ይሄዳል፤ ሳሉ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ናሙና ሳይሰጥ በመውጣቱ አይጸጸቱ።

የሚያስቆጣኝ አሞክሳሲሊኑ ነው። የእህቱ! ባለፈው ወር የተበጠበጠ! አንዴ በውኃ ከተበጠበጠ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከሁለት ሳምንት በላይ አይቀመጥም። መጠኑ በኪሎ የሚሰላ ስለሆነ የእሷ ማንኪያ ለእሱ ልክ አይደለም። ቫይረስ ከሆነ ደግሞ ምንም አይሠራለትም፤ የሳንባ ምች ከሆነም ግማሽ ሕክምና ነው የሰጡት። ዛሬ ይድፉት። ለሚያየው ሐኪምም ሰጥተነው ነበር ብለው ይናገሩ፣ አይደብቁ።

አሁን ዋናው ነገር። በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ንፍጡ አለ፣ ስለ ሳሉ አለ፤ ትንፋሹ በደቂቃ ስንት እንደሆነ ግን የለም። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። ልጁ ሲረጋጋ፣ ቢቻል ሲተኛ፣ ልብሱን እስከ ብብቱ ይግለጡት። እያለቀሰ ወይም እየጠባ አይቁጠሩ። የስልክዎን ሰዓት ይክፈቱና ሆዱ በተነሳ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያሉ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አያዋጣም፤ ሕፃን አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ቆም እያለ ነው የሚተነፍሰው። ከ2 ወር እስከ ዓመት ላልሞላው ልጅ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ዓመት ሲሞላው መስመሩ 40 ይሆናል።

ቆጥረው ሲጨርሱ ልብሱን ቶሎ አይመልሱት። ከጎድን አጥንቱ በታች ይመልከቱ። አየር በሳበ ቁጥር እዚያ ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ልጁ እየታገለ ነው። ይህን የምደጋግመው በምክንያት ነው። ሕፃናት በሹራብ፣ በብርድ ልብስና በጋቢ ተጠቅልለው ይመጡልናል። አንድ በአንድ ስንገልጥ ደረቱ ሲሰረጉድ ያደረ ልጅ ከሥር ይወጣል፤ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ፊቱን እንጂ ደረቱን አላየም። «ብርድ እንዳይመታው ብለን ነው» ይሉኛል። እሺ፤ በር ዘግተው ለአንድ ደቂቃ ይግለጡት።

እስከዚያው ጡት በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይስጡት። ከመጥባቱ በፊት አፍንጫውን በመድኃኒት ቤት የጨው ውኃ ጠብታ ያለስልሱለት። ማር ዓመት ሳይሞላው አይቀምስም። ከጎረቤትም አንዱ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት» ማለቱ አይቀርም። እንጥል ጉንፋን አያመጣም። ሲቆረጥ ግን ደም ይፈሳል፣ ያመረቅዛል። በጭራሽ!

ዛሬ ማታ ይቁጠሩና ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር ወረቀት ላይ ይጻፉት። 50 ከደረሰ፣ ደረቱ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ እስኪነጋ አይጠብቁ። ይዘውት ወደ ሆስፒታል ይውጡ። እዚያ ስትደርሱ ስለ ዘንጉ አትከራከሩ፤ መጀመሪያ ኦክስጅኑን ይለኩለት።