«አማልክቶች» ብል ምን አጠፋሁ?

ጥያቄ፦ ስለ ጥንት እስራኤላውያን እምነት የሚናገር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ሌሎች አማልክቶችንም ያመልኩ ነበር» ብዬ ብጽፍ አርታዒዬ «ኦች»ን ሰረዙብኝ። «አምላኮች» ማለትስ ይቻላል? አንድ ዲያቆን ወዳጄ ደግሞ «አምላክ ራሱ ብዙ ቁጥር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አርታዒዎም ዲያቆኑም ልክ ናቸው። የእርስዎም ጥፋት ያን ያህል ከባድ አይደለም።

ከዲያቆኑ ልጀምር። ግዕዝ ስም ሲያበዛ ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ «አ» አምጥቶ ውስጡን ይለውጣል፦ ልብስ አልባስ፣ ፈረስ አፍራስ ይላል። «አምላክ»ም የወጣው ከዚሁ ቅርጽ ነው፤ ሥሩ «መለከ» ነው፤ ገዛ፣ የራሱ አደረገ ማለት ነው። ስለዚህ ቅርጹ «ጌቶች» ቢልም አገባቡ ነጠላ ነው። ነጠላ ሆኖ ከቆየ በኋላ እንደገና በዛና «አማልክት» ተባለ። «ነገሥት» አልበቃ ብሎ «ነገሥታት» እንደተባለው ማለት ነው። በብዙ ላይ ብዙ መደረብን ግዕዝ ራሱ አስተምሮን «መላእክቶች፣ ሕፃናቶች» የሚለውን ሰው መገሠጽ ትንሽ ግፍ አለበት። በንግግር አልከራከርም፤ በጽሑፍ ግን «አማልክት» ይበሉ። «አምላኮች» በአማርኛ ሥርዓት ንጹሕ ነው፤ ሆኖም «ከእኔ በቀር ሌሎች አማልክት አይሁኑልህ» (ዘጸአት 20፥3) ሲባል ያደገ ጆሮ ይጎረብጠዋል።

ዕብራይስጡም ከዚህ አይርቅም። «ኤሎሂም» መጨረሻው ላይ ያለው «ኢም» የብዙ ምልክት ነው። ነገር ግን ዘፍጥረት 1፥1 ላይ «ባራ ኤሎሂም» ሲል ግሡ ነጠላ ነው፤ ፈጠረ እንጂ ፈጠሩ አይልም። ብዙዎች ይህን የክብር ብዜት ይሉታል። እኛ አክብሮትን የምናሳየው በግሡ ነው፤ «አባቴ መጡ» እንላለን። ለቄሱ «እርስዎ» የሚል አፍ ግን ለፈጣሪ ሲሆን «አንተ» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንጂ «ይስጡልኝ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ለተርጓሚ ትልቁ ፈተና መዝሙር 82 ነው (በግዕዙ ቁጥር 81)። «እግዚአብሔር በአማልክት ማኅበር ቆመ፥ በአማልክትም መካከል ይፈርዳል» ይላል አማርኛው። በዕብራይስጡ መጀመሪያ ላይ «እግዚአብሔር» የተባለውና መጨረሻ ላይ «በአማልክትም መካከል» ሲል ያለው ቃል አንድ ነው፤ ኤሎሂም። አንዱን ነጠላ ሌላውን ብዙ ያደረገው አገባቡ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የእስራኤል አምላክ በሌሎች አማልክት መካከል ፈራጅ ሆኖ ይታሰብ የነበረበትን የቆየ ዘመን እዚህ ያያሉ። «ከእኔም በቀር አምላክ የለም» የሚለው ቁርጥ ያለ ቃል ጎልቶ የሚሰማው ኢሳይያስ 45 ላይ ነው፤ ይህን ክፍል የሚያያይዙትም ከባቢሎን ምርኮ ጋር ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 6ኛው ክፍለ ዘመን። እንግዲህ «አንዱን ብቻ ማምለክ» እና «ከአንዱ በቀር የለም ብሎ ማመን» ሁለት ነገር ናቸውና በትርጉምዎ አይቀላቅሏቸው። ሁለቱንም «አሀዳዊ» በሚል ቃል አይሸፍኑ፤ ዛሬ «አሀዳዊ» ሲባል ለአንባቢ የሚታየው የመንግሥት ሥርዓት ነው።

«እግዚአብሔር»ን አልጠየቁኝም፤ ሳላነሣው ግን አላልፍም። እግዚእ ጌታ ነው፣ ብሔር አገር፣ ምድር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በቀደሙት የድንጋይ ጽሑፎቹ የማሕረም (የአክሱማውያን የጦርነት አምላክ) ልጅ ነኝ ይል ነበር፤ አስታርን፣ ብሔርን፣ ምድርንም በአማልክትነት ይጠራል። በኋለኛው ጽሑፉ እነዚህ ሁሉ የሉም፤ ድሉን የሰጠው «እግዚአ ሰማይ»፣ «እግዚአ ብሔር» ነው። ትናንት ከአማልክት አንዱ የነበረው ብሔር ዛሬ ጌታ ተሾመበት። በቅርቡ አንድ ተማሪ «እግዚአብሔር የየትኛው ብሔር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።